ጋናን ለማየት ነሐሴ



ወደ ጋና ለመሄድ ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «መቼ ብሄድ ይሻለኛል?» ብሎ ነው። የተለመደው መልስ አጭር ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ በበጋው። የጉዞ መጻሕፍትም፣ አስጎብኚዎችም፣ የገናን ሰሞን አክራ ያሳለፉ ወዳጆቻችንም ይህንኑ ይላሉ። እኔ ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ለሌላ ወር ለመከራከር ነው፤ ለነሐሴ።

ነሐሴ ሲባል ብዙዎቻችሁ ጭቃና ጃንጥላ እንደሚታያችሁ አውቃለሁ። የጊኒን ባሕረ ሰላጤ ሰማይ በአዲስ አበባ ሰማይ መመዘን ግን ያሳስታል። የጋና ዝናብ የሚመጣው ከደቡብ፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ነው። እርጥቡ የባሕር ነፋስ ከሰሐራ ከሚወርደው ደረቅ ነፋስ ጋር ይጋጠማል፤ ዝናቡም ይህን መጋጠሚያ እየተከተለ ይሄዳል። መጋጠሚያው ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲያቀና፣ ከሚያዝያ ጀምሮ የባሕሩን ዳርቻ ያረጥባል፤ በግንቦትና በሰኔ ዶፉን ያወርዳል፤ በነሐሴ ደቡቡን አልፎ ወደ ላይ ይወጣል። በመስከረምና በጥቅምት ሲመለስ ደቡቡ ሁለተኛ ዝናቡን ያገኛል። የደቡብ ጋና ሰው በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅት ያለው ለዚህ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለችው አጭር ፋታ ደግሞ ነሐሴ ላይ ትውላለች። እኛን በሐምሌና በነሐሴ የሚያጥለቀልቀን ክረምት የሚበረታውም ይኸው የዝናብ ቀበቶ ወደ ሰሜን ሲወጣ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሲከብድ፣ አክራ ላይ ይቀላል።

በዚህ ላይ ባሕሩ አለ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ በጋና ዳርቻ ቀዝቃዛ ውኃ ከጥልቁ ወደ ላይ ይወጣል። አየሩን ያበርደዋል፣ ደመናውም ከፍ ብሎ ዝናብ እንዳይሆን ይይዘዋል። በዓመቱ ውስጥ አክራ ቀዝቀዝ የሚላት በዚህ ሰሞን ነው። ሰማዩ ዳመን ይላል፣ አልፎ አልፎ ካፊያ ይጥላል፤ ቀኑ ግን ከ27 እና ከ28 ዲግሪ ብዙም አይዘልም። በየካቲትና በመጋቢት ወበቁ ከ33 ዲግሪ ሙቀት ጋር ሲመጣ ከደጋ የሄደ ሰው ከቀትር በኋላ ከቤት መውጣት ያቅተዋል። አክራ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከአዲስ አበባ እንደሚያንስም ልብ በሉ። ወደ ምዕራብ፣ ወደ አክሲም የሚወርድ ሰው ግን ዓመታዊው ዝናብ 2 ሺህ ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳልና ጃንጥላውን ይያዝ።

ቀዝቃዛው ውኃ ዓሣ ይዞ ይመጣል። የሰርዲን ዋናው ወቅት ይህ ነው፤ ለማየት ወደ ኤልሚና ሂዱ። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1482 የሠሩት የኤልሚና ግንብ ከበስተጀርባ ይታያል፤ ከግንቡ ሥር፣ የቤንያ ሐይቅ ከባሕሩ በሚገናኝበት ጠባብ መተላለፊያ፣ ረጃጅም የእንጨት ጀልባዎች ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይቆማሉ። በየጎናቸው ባንዲራ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ፣ ምሳሌያዊ አነጋገር በደማቅ ቀለም ተጽፎባቸዋል። ጀልባው ሲገባ ሴቶች ሳፋቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ ዋጋ የሚቆርጡት፣ ዓሣውን በጭስ የሚያደርቁት፣ ገበያ የሚያወጡት እነሱ ናቸው። ማክሰኞ ብትሄዱ ግን ጀልባ ከባሕር ሲመለስ አታዩም። በዚያ ዳርቻ ማክሰኞ ዓሣ አይጠመድም፤ ወንዶቹ አሸዋው ላይ ተቀምጠው መረብ ሲጠግኑ ይውላሉ።

ከአየሩም ከዓሣውም በላይ ነሐሴን የምመርጥበት ምክንያት በዓሉ ነው። የአክራ ነባር ሕዝብ የሆኑት ጋዎች ሆሞዎን የሚያከብሩት በዚህ ሰሞን ነው። ታሪካቸው እንደሚለው አባቶቻቸው ወደዚህ ምድር ሲመጡ ጽኑ ረሃብ አገኛቸው፤ ዝናብ ዘንቦ እህሉ ሲደርስ ረሃቡን ተሳለቁበት። በዓሉ የሚጀምረው ወራት ቀደም ብሎ ነው። በግንቦት ገደማ ካህናቱ ዘር ይዘራሉ፤ ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ያህል በከተማው ከበሮና ጩኸት ይከለከላል፤ አብያተ ክርስቲያናት ሳይቀሩ ድምፅ ማጉያቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ ይጠየቃሉ። ወሩ ሲያልቅ ክልከላው ይነሣል፤ ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ጄምስታውንን የመሳሰሉ አሮጌ ሰፈሮች በከበሮ ይናወጣሉ። ከበቆሎ ዱቄት በእንፋሎት በስሎ በዘንባባ ዘይት የታሸውን ክፖክፖይ አለቃው በሰፈሩ እየዞረ ለሙታን ይበትናል፤ ሕያዋኑ ደግሞ በዘንባባ ፍሬ ሾርባና በዓሣ ይመገቡታል። በየቦታው የተበተኑ ልጆች ወደ ወላጆቻቸው ቤት ይሰበሰባሉ፣ የተኳረፉ ይታረቃሉ። ረሃብ ምን እንደሆነ ለምናውቅ ለእኛ፣ ሰው ረሃብን በጭፈራ ሲያዋርደው ከማየት የሚበልጥ ጉብኝት አላውቅም።

ጥቂት ቀደም ብሎ የሚደርስም ሰው የሚያየው አለው። ሐምሌ 25፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 1፣ በብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች የባርነት መሻር የሚታሰብበት ቀን ነው። ጋና ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታከብረዋለች፤ በዚያው ዓመት ከጃማይካና ከአሜሪካ የመጣ የሁለት ሰዎች አጽም በአሲን ማንሶ ዐርፏል። ለባርነት የተሸጡ ምርኮኞች ወደ ባሕር ከመነዳታቸው በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የታጠቡበት ወንዝ እዚያው ነው። ኬፕ ኮስት የሚገኘውን ግንብ በዚህ ሰሞን የሚጎበኝ ሰው ከምርኮኞቹ ተወላጆች ጋር ይቆማል።

የታኅሣሥ ወዳጆች የሚሉትን አልንቅም። እ.ኤ.አ. በ2019 ጋና ባርነት ያራቃቸውን ልጆቿን «ተመለሱ» ብላ ከጠራች ወዲህ፣ የገና ሰሞን አክራ ከአሜሪካና ከእንግሊዝ በሚመጣ ወጣት ትሞላለች። ሙዚቃና ጭፈራ የሚሻ ሰው እውነትም እዚያ ያገኘዋል። የሆቴሉ ዋጋ ግን ይንራል፣ መንገዱ ይዘጋጋል። በዚያው ወቅት ሐርማታን ይነፍሳል። ከሰሐራ የሚነሣ ደረቅ ነፋስ ነው፤ ደቃቅ አቧራ ተሸክሞ ይመጣል፣ ፀሐይን ያደበዝዛል፣ ከንፈር ይሰነጥቃል፣ ጉሮሮ ያደርቃል። ካካዎውን ለሚያደርቀው ገበሬ በረከት ነው፤ አስም ላለበት መንገደኛ ግን ብርቱ ፈተና ነው።

ሰሜኑን በሚመለከት ግን ክርክሬን እገለብጣለሁ። ታማሌና ከዚያ ወዲያ ያለው አገር እንደ እኛ አንድ ክረምት ብቻ ነው ያለው፤ ዝናቡም የሚበረታው በነሐሴና በመስከረም ነው። በሞሌ ብሔራዊ ፓርክ ያን ጊዜ ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ውኃ በየቦታው ስለሚገኝ ዝሆኖቹ ይበተናሉ። በጥርና በየካቲት ግን ሌላው ኩሬ ይደርቅና ዝሆኖቹ ከእንግዳ ማረፊያው ገደል ሥር ወዳለው ውኃ ይወርዳሉ፤ ሰው ከላይ ተቀምጦ ሲታጠቡ ያያቸዋል። ከፓርኩ አጠገብ ያለውን ከጭቃና ከእንጨት የተሠራውን የላራባንጋ መስጊድም በዚያው ጉዞ ማየት ይቻላል። መጋቢት ሳይገባ ግን ውጡ፤ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል።

ግንቦትንና ሰኔን ማንም አይምረጥ። እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 2015፣ በእኛ ግንቦት 26 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ብርቱ ዝናብ አክራን አጥለቅልቆ፣ ሰዎች የተጠለሉበት ነዳጅ ማደያ ፈንድቶ፣ ከ150 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የከተማዋ መንገዶች ዛሬም በዶፍ ሰሞን በውኃ ይሞላሉ።

ሐምሌና ነሐሴ የልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወቅትም ነው፤ ከአዲስ አበባ አክራ ቀጥታ በረራ አለ። እንግዲህ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃችሁን ያዙ፤ ያለ እሱ አትገቡም። የወባ መከላከያ ከሐኪም ተቀበሉ፤ ወባው ወር አይመርጥም። የባሕሩ ሞገድ ጉልበተኛ ነውና ልጆቻችሁን ከዳር አታርቁ። ደቡቡን ለማየት ከወሰናችሁ ለነሐሴ ቲኬት ቁረጡ፤ ሰሜኑን ለጥር አቆዩት።