ከሚኒስትር ወንበር ወደ ዱር
(ስለ ካረኖች መሪ ስለ ሶ ባ ኡ ጂ ሕይወት የተደረገ ንግግር)



በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን ስለ አንድ ሰው ሕይወት እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ፣ የሩቅ አገር ሰው መረጥሁ። የመረጥሁበትም ምክንያት የዚህ ሰው ታሪክ አንድ ከባድ ጥያቄ ስለሚያነሣ ነው። ይኸውም፦ ሕግ የተማረ ሰው ስለ ምን ይሸፍታል? የሚል ነው። ዘመኑን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ዛሬ ምያንማር በምትባለው በበርማ፣ በቍጥር ከሚበዙት ከበርማኖች ጋራ ከሚኖሩት ሕዝቦች አንዱ ካረን ይባላል። ካረኖች ከፊሎቹ በኢራዋዲ ወንዝ አጠገብ ባለው የሩዝ እርሻ፣ ከፊሎቹም በታይላንድ ድንበር ባለው ተራራ ይኖራሉ። የሚበዙት የቡድሃን ሃይማኖት የሚከተሉ ሲሆኑ፣ ጥቂቶቹ ክርስቲያኖች ናቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት የአሜሪካ ሚሲዮናውያን ለቋንቋቸው ከበርማ ፊደል የወጣ ጽሕፈት አበጁላቸው፤ ትምህርት ቤትም ከፈቱላቸው። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ስለ ሆንሁ ይህ ነገር ልቤን ነካው።

«ሶ» ማለት እኛ «አቶ» እንደምንለው ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ባ ኡ ጂ በ1905 በባሴይን አውራጃ ከባለጸጋ ባለርስት ቤተ ሰብ ተወለደ። በራንጉን ዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ ሕግ አጠናና ጠበቃ ሆነ። ሀብትም ዕውቀትም ያልጐደለበት እንዲህ ያለ ሰው ዱር ይገባል ብሎ ማን ይገምታል?

ነገሩ የከፋው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ብዙዎቹ ካረኖች ከእንግሊዝ ጋራ ሲቆሙ፣ የበርማ ነጻነት ጦር በመጀመሪያ ከጃፓን ጋራ ወገነ። በ1942 በምያውንግምያ አውራጃ ብዙ ካረኖች ተገደሉ፤ ቍጥራቸውም ከ1,800 እንደሚበልጥ ተጽፏል። ካረኖችም ደም ለመመለስ የበርማኖችን መንደር ያጠቁበት ጊዜ ነበረ። ከዚያ ወዲያ ጎረቤት ጎረቤቱን እየፈራ የሚያድር ሆነ።

ባ ኡ ጂ ግን በመጀመሪያ የያዘው ብዕር እንጂ ጠመንጃ አልነበረም። በ1946 ከሦስት ጓደኞቹ ጋራ ወደ ሎንዶን ሄዶ ካረኖች የራሳቸው አገር እንዲሰጣቸው አመለከተ፤ ነገር ግን የተጨበጠ ተስፋ ሳያገኙ ተመለሱ። ከነጻነት በፊት በነበረውም መንግሥት ሚኒስትር ሆኖ ሠራ። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1947 የካረን ብሔራዊ ኅብረት ሲቋቋም መሪው እርሱ ሆነ፤ በዚያው ዓመት የሚኒስትርነቱን ወንበር ለቀቀ።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። በ1947 ለሕገ መንግሥቱ ጉባኤ ምርጫ ሲደረግ ኅብረቱ አልመረጥም ብሎ ቀረ። ሕገ መንግሥቱም ሲጻፍ ሻኖችና ካረኒዎች ከ10 ዓመት በኋላ ለመለየት መብት ሲያገኙ፣ የካረኖች ጉዳይ ሳይቈረጥ ታለፈ። ኅብረቱ ወንበሩን ባዶ መተዉ ስሕተት ይመስለኛል። ወንበሩን ትቶ የሄደ ሰው ፍርዱን በሩቅ ይሰማል።

በርማ ጃንዋሪ 4 ቀን 1948 ነጻ ወጣች። በሚቀጥለው ወር እጅግ ብዙ ካረኖች መሣሪያ ሳይዙ በየከተማው ሰልፍ ወጥተው ጥያቄያቸውን በሰላም አሰሙ። የአገሪቱ ጦር አዛዥ ጄኔራል ስሚዝ ደን እንኳ ካረን ነበረ። በዓመቱ መጨረሻ ግን በመርጉይ አውራጃ ካረኖች በገና ዋዜማ ተገደሉ። ጃንዋሪ 31 ቀን 1949 ከራንጉን አጠገብ ባለችው በኢንሴይን ጦርነት ተነሣ፤ ወዲያውም ጄኔራሉ ከሥልጣኑ ወረደ። ኢንሴይን 112 ቀን ተዋጋች። በጦርነቱ መካከል እንኳ ባ ኡ ጂ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ከኡ ኑ ጋራ ለመነጋገር ወደ ራንጉን ሄደ፤ ስምምነቱ ግን ሳይጸና ቀረ።

በ1950 ለወገኖቹ አራት ነገር አስታወቀ፦ እጅ አንሰጥም፤ የካረን አገር መታወቅ አለበት፤ መሣሪያችንን አንፈታም፤ ዕድላችንን የምንወስነው ራሳችን ነን የሚል ነው። ብዙ ሳይቈይ ኦገስት 12 ቀን 1950 በታይላንድ ድንበር አጠገብ ከጓደኞቹ ጋራ ተከቦ ተገደለ። መቃብሩ የተከታዮቹ መሰብሰቢያ እንዳይሆን ሬሳው ከሞልሜይን ተወስዶ ባሕር ተጣለ። ያን ጦር መርቷል የሚባለው መኰንን ሴይን ልዊን በ1988 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ሕዝብ ስለ ተነሣበት ግን 17 ቀን ያህል ብቻ ገዝቶ ወረደ። የወረደበትም ቀን ኦገስት 12 ነበረ።

መቃብር ስለ ታጣ ነገሩ አልተቀበረም። ካረኖች በየዓመቱ ኦገስት 12ን የሰማዕታት ቀን ብለው ያከብራሉ። ከ1984 ጀምሮ በታይላንድ ድንበር የስደተኞች ሰፈር ተመሠረተ፤ በዚያ ተወልደው በዚያ ያደጉ ልጆች አሉ። ኅብረቱ በ2015 የተኵስ ማቆም ውል ቢፈርምም፣ በ2021 ወታደሮች መንግሥቱን ከያዙ በኋላ ጦርነቱ እንደ ገና ተቀጣጠለ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ይህን ንግግር ማዘጋጀት ስጀምር ጀግናን ላመሰግን ነበር ያሰብሁት። ስጨርስ ግን ልቤ የቀረው በሰፈሩ ከተወለዱት ልጆች ጋራ ነው። ከነርሱ መካከል በኔ ዕድሜ ያለ አንዱ እንደኔ ትምህርቱን ለመጨረስ ይመኝ ይሆናል። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚሉት ሰው የሚሸፍተው ስለ ጥቅም ማጣት ብቻ ሳይሆን የሚሰማው ሲያጣ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው።

እንግዲህ ከመካከላችን ነገ ዳኛ ወይም ሹም የሚሆን ሰው ቢኖር፣ አመልካች በእጁ ወረቀት ይዞ ሳለ ይስማው። አመልካች የሚሆነውም ተቈጥቶ ወንበሩን ባዶ አይተው። ባ ኡ ጂ ወረቀት ይዞ በመጣ ጊዜ ነገሩን ለመጨረስ አንድ ጉባኤ ይበቃ ነበር። ጠመንጃ ከያዘ በኋላ ግን ከ70 ዓመት በላይ አልበቃም።