ከደንገሉ ሥር ያለው ውሃ

ዛሬ የምንነጋገረው ሐይቅና ረግረግ በውሃ መገናኘት አለመገናኘታቸውን ከሰማይ ሆኖ ስለሚለይ ራዳር ነው።

ጣና ሞልቶ ወደ ፎገራና ወደ ደንቢያ ሜዳ ሲሰፋ ያየ ሰው «መገናኘታቸው ምን ያጠያይቃል?» ሊል ይችላል። ያጠያይቃል። አንድ ረግረግ ውሃ የያዘው ከሐይቁ ጋር ስለተያያዘ ሊሆን ይችላል። ወንዝ ሞልቶ ፈስሶበትም ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ የዘነበው ዝናብ መውጫ አጥቶ ተኝቶበት ይሆናል። ለዓይን ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ደንገልና ፊላ፣ ከሥሩም ውሃ። ልዩነታቸው የሚገለጠው ሐይቁ ሲጎድል ነው። የተያያዘው ረግረግ አብሮ ይጎድላል፣ ያልተያያዘው ባለበት ይቆያል። ዓሣ ለመራባት ወደ ዳር መውጣት መቻሉ፣ ጎርፍ ያመጣው ደለል ረግረጉ ላይ መቅረቱ ወይም ሐይቁ ድረስ መዝለቁ ከዚህ ግንኙነት ጋር የተሳሰረ ነው። ስለዚህ ውሃ የት አለ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ውሃው ከየትኛው ውሃ ጋር ይነሣል፣ ከየትኛውስ ጋር ይወርዳል? ዋናው ይህ ነው።

ፎቶ የሚያነሡ ሳተላይቶች እዚህ ላይ ብዙም አይረዱንም። የጣና ዙሪያ ሜዳ በውሃ የሚሞላው በክረምት ነው፤ በክረምት ደግሞ ሰማዩ ደመና ነው። ደመናው ቢገለጥ እንኳ ካሜራው የሚያየው የደንገሉን አናት ነው።

ራዳር ግን የራሱን ሞገድ ይልካል፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ ደመናም አያግደውም። ሞገዱ ከሳተላይቱ የሚወርደው ሰያፍ ሆኖ ነው። ጸጥ ያለ ባዶ ውሃ ላይ ሲያርፍ ነጥሮ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ወደ ሳተላይቱ የሚመለስ ነገር የለም ማለት ይቻላል። በራዳር ምስል ላይ ሐይቅ ጥቁር ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። ውሃው ውስጥ ግንድ ወይም አገዳ ከቆመ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሞገዱ ውሃውን ይመታል፣ ከውሃው ነጥሮ አገዳውን ይመታል፣ ከአገዳው ነጥሮ በመጣበት አቅጣጫ ይመለሳል። ውሃ የገባበት ረግረግ በምስሉ ላይ ደምቆ የሚበራው በዚህ ድርብ ንጥረት ነው። የሞገዱ ርዝመትም ወሳኝ ነው። 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ሞገድ በቅጠልና በቅርንጫፍ መካከል አልፎ ውሃው ድረስ ይደርሳል። የአውሮፓው ሴንቲኔል-1 የሚጠቀምበት፣ 5 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ የሆነው፣ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ቅጠሉ ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ ልኬቱ እንምጣ። ሳተላይቱ በዚያው መንገድ ተመልሶ ሲመጣ ያንኑ ቦታ እንደገና ያነሣል። በሁለቱ ጊዜያት መካከል የውሃው ከፍታ ከተለወጠ ሞገዱ የሚጓዘው ርቀትም ይለወጣል። ይህ ለውጥ ከሞገዱ ርዝመት ያነሰ ቢሆንም በተመላሹ ሞገድ ላይ ይታያል። ሁለቱን ምስሎች አስተያይተን ስናወጣ ቀስተ ደመና የመሰሉ ቀለማማ ቀበቶዎች ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1998 በሠራው የጃፓን ሳተላይት ጄርስ-1 መረጃ አንድ ሙሉ ቀበቶ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የውሃ ከፍታ ለውጥ ማለት ነው።

ይህ ዘዴ ለውሃ እንደሚሆን ያሳየው አማዞን ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ራዳር ጭና ወጣች። ዳግላስ አልስዶርፍና ባልደረቦቹ መረጃውን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ በውሃ በተጥለቀለቀው ደን ውስጥ የውሃው ከፍታ በሴንቲ ሜትር ደረጃ ሲለወጥ አሳዩ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ፣ ውሃው በሁሉም ቦታ እኩል አለመውረዱ ነው። ለዋናው ወንዝ ቅርብ የሆነው ፈጥኖ ሲወርድ፣ የራቀው ቀስ ይላል። ግንኙነት አለ ወይም የለም ብቻ አይደለም፤ የጠበቀና የላላ ግንኙነትም አለ።

ሁለተኛው ቦታ በአሜሪካ ፍሎሪዳ የሚገኘው የኤቨርግሌድስ ረግረግ ነው። እዚያ ሰው ቦዮችን ቆፍሯል፣ ረጃጅም የአፈር ግድቦችን ሠርቷል። ሺሞን ቭዶቪንስኪና ባልደረቦቹ የጄርስ-1ን ምስሎች ሲያስተያዩ፣ ቀለማማዎቹ ቀበቶዎች ግድቡ ዘንድ ሲደርሱ ድንገት ተቆርጠው አገኟቸው። ከግድቡ ወዲህ ያለው ውሃ በአንድ ልክ ተለውጧል፣ ከወዲያ ያለው በሌላ። ከላይ ለሚመለከት ሰው ሁለቱም ያው አረንጓዴ ረግረግ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ስለ ጣና ማሰብ ግድ ይላል። የባሕር ዳር–ጎንደር መንገድ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ያልፋል። ርብና ጉማራ በሜዳው በኩል ወደ ሐይቁ ይገባሉ። ረግረግ የነበረው መሬት ብዙው የሩዝ ማሳ ሆኗል። የሐይቁም ከፍታ ዛሬ የዝናብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ከዓባይ መውጫ ላይ ያለው የጨረጨራ መቆጣጠሪያና በ2010 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ይወስኑታል። ታዲያ ከመንገዱ በላይና በታች ያለው ውሃ አብሮ ይነሣል? የሐይቁ በር ሲከፈት የትኛው ረግረግ ይከተላል፣ የትኛውስ ተቆርጦ ይቀራል? ረግረጉን እንጠብቅ ስንል የትኛውን መተላለፊያ ክፍት መተው እንዳለብን ሳናውቅ ከሆነ፣ አጥር አጥረን ውሃውን ልናጣው እንችላለን።

ራዳሩ የማይችለውንም ልንገራችሁ። እምቦጭ የተባለው አረም በነፋስ የሚንሳፈፍ ስለሆነ ባለፈው ጊዜ የታየው ዛሬ እዚያው የለም፤ ሁለቱን ምስሎች ማስተያየት አይቻልም። ባዶውን የሐይቁን ገላም በዚህ መንገድ መለካት አይቻልም፤ ለእርሱ ከፍታውን ቀጥታ የሚለኩ ሌሎች ሳተላይቶች አሉ። ደግሞም ይህ ዘዴ የሚነግረን ለውጡን ነው፤ ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንደቆመ አይናገርም። ስለዚህ ረግረጉ ውስጥ ቢያንስ አንድ የከፍታ መለኪያ ዘንግ መተከል አለበት። ረግረጉ በግድብ ወይም በመንገድ ለሁለት ከተከፈለ ደግሞ በየወገኑ አንድ አንድ ያስፈልጋል፤ የአንዱ ልኬት ለሌላው አይሆንምና።

ሐምሌ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. አሜሪካና ህንድ በጋራ ኒሳር የተባለውን ሳተላይት አመጠቁ። ቅጠል አልፎ የሚወርደውን ያንን 24 ሴንቲ ሜትር ሞገድ ይዟል፣ በየ12 ቀኑም ወደ አንድ ቦታ ይመለሳል። የኒሳርም የሴንቲኔል-1ም መረጃ በነፃ የሚገኝ ነው። ሳተላይቶቹ የሚያልፉበት ቀንና ሰዓት አስቀድሞ ስለሚታወቅ፣ በሐይቁ ዳር የሚኖር ሰው በዚያ ቀን ዘንጉን አንብቦ ቁጥሩን ቢጽፍ ከሰማይ የመጣው ልኬት መነሻ ያገኛል። ዘንጉን መትከልና ማንበብ ደግሞ እዚሁ በእኛ እጅ ያለ ሥራ ነው።