ዓሣውን ከሩዙ እንለይ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እህቶቼ፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም ተናገሪ ተብዬ ነው የቆምኩት። ጂዳ የገባሁ ሰሞን ማዳም «ነገ ስድስት ሰዓት ተነሺ» ብትለኝ እኩለ ሌሊት ተነስቼ ወጥ ቤት ቆሜ ጠበቅኳት። የጂዳና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ነው፤ አቆጣጠሩ ግን በ6 ይለያል። የእሷ 6 ለእኛ ከጠዋቱ 12 ነው። ያ ያስቃል፤ የሚቀጥለው ግን አያስቅም።

በመጀመሪያው ረመዳን ቀንና ሌሊት ተገለባበጠብኝ። ከ8 ሰዓት ጀምሮ ሾርባው፣ ሳምቡሳው፤ አዛን ሲል ማዕዱ ተዘርግቶ መገኘት አለበት። እንግዳ ሲሸኝ ዕቃ አጠባ፣ ከዚያ ሱሑር። ስተኛ ይነጋል፤ ረፋድ ላይ ልጆቹ ይነሳሉ። በመጨረሻዎቹ 10 ቀናት ቤተሰቡ መካ ሄደ። መካ ሙስሊም ላልሆነ ስለማይፈቀድ እኔን ጂዳ የማዳም አማት ዘንድ ተዉኝ። አርፋለሁ ስል፣ ቤቱንም ለኢድ እንዳጸዳ ታዘዝኩና ሥራዬ የሁለት ቤት ሆነ።

ስልኬ ደግሞ አያርፍም። ወንድሜ ለባጃጅ ብር ይላል፣ ዕቁብ ሰብሳቢዋ ትጠይቃለች፣ ጓደኞቼ ድምፅ ይልካሉ። ለሁሉም መለስኩ። ልጄን ግን «እሷ አትቀየመኝም» ብዬ መጨረሻ ላይ አደረግኳት። ከኢድ በኋላ ስደውል «ደህና ነኝ» ብላ ዝም አለች። ለካ ታይፎይድ ይዟት ሰንብታ፣ ስሜን እየጠራች ነበር። እናቴ እንዳልጨነቅ ብላ ደብቃኛለች።

ያን ቀን ብዙ አለቀስኩ። ማታ የተገዛውን ዕቃ ሳስገባ ግን አንድ ነገር ገባኝ። መጀመሪያ ፍሪጅ የምናስገባው ዓሣውን ነው፤ ሩዙ መሬት ቢያድርም አይበላሽም። በስልኬ ውስጥ ያለውንም እንደዚያው ለየሁት። የባጃጁ ብር ሩዝ ነው፤ ወር ቢቆይ ወንድሜ ይቆጣል እንጂ አይበላሽም። ልጄ ዓሣ ናት።

ስለዚህ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ቤቱ ሲተኛ፣ 20 ደቂቃ የልጄ ሆነ። በዚያ ሰዓት ሌላ ስልክ አላነሳም። ብር ለሚጠይቀኝ «ደመወዝ ስቀበል እነግርሃለሁ» እላለሁ እንጂ በእንቅልፍ ልቤ ቃል አልገባም።

ከማዳምም ጋር መነጋገር ለመድኩ። ሥራ ሲደራረብ ዝም ብዬ አልሮጥም፤ «እንግዳ አለ፣ የሚተኮስ ልብስም አለ፤ የቱን ላስቀድም?» እላታለሁ። ራሷ ስትመርጥ አንዱ ለነገ ያድራል። ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የሳዑዲ ደንብ የቤት ሠራተኛ በቀን ከ10 ሰዓት በላይ እንዳትሠራ፣ በሳምንትም 24 ሰዓት እንድታርፍ ያዛል። በየቤቱ እንደማይከበር እናውቃለን። ቢሆንም ማወቁ፣ ዕረፍት ስንጠይቅ ልመና እንዳይመስለን ይረዳል።

እንቅልፍም ዓሣ ነው እህቶቼ። ሲነጋ ድረስ ስልክ ስናይ ቆይተን የጋለ ዘይት ፊት መቆም አደጋ ነው። ጸሎት በቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለም፤ እኔ ልብስ ስተኩስ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። ማርታም በሥራዋ አልተነቀፈችም፤ በብዙ ነገር በመባከኗ ነው የተመከረችው።

ልጄ ለብዙ ቅዳሜ ዝም እንዳለች ቆየች። አንድ ቀን ግን ደብተሯን ከፍታ ታነብልኝ ጀመር። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ዓሣችሁ የቱ እንደሆነ ለዩ፤ ነገ ቀድማችሁ እሱን አንሱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።