ዳውን ሲንድሮም፦ ከጡት እስከ ጉልምስና

አንደኛ አቅራቢ፦ ዳውን ሲንድሮም የዘር መረጃን የሚሸከመው 21ኛው ክሮሞዞም በጥንድ ፈንታ ሦስት ሆኖ ሲገኝ የሚፈጠር ሁኔታ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ሐኪም ዤሮም ለዤንና ባልደረቦቹ ይህን በ1959 እ.ኤ.አ. ስላሳወቁ፣ እናትን በእርግማን መወንጀል መሠረት የለውም።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ልክ ነው፤ ለቤተሰብ ግን ቀዳሚው ጉዳይ ልብ ነው፤ ከሕፃናቱ ግማሽ ያህሉ የልብ እክል ይዘው ስለሚወለዱ፣ ጡት ሲጠባ የሚያልበውና ቶሎ የሚደክመው ሕፃን ሳይዘገይ በልብ አልትራሳውንድ ሊታይ ይገባል።

አንደኛ አቅራቢ፦ ካደገ በኋላስ?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ሲኒ አጥቦ ረከቦት ላይ መደርደርን በድግግሞሽ የተማረ ወጣት ለዓመታት ያለ አጋዥ ሊሠራው ይችላል፤ ከ40 ዓመት ዕድሜ በኋላ ግን አልዛይመር፣ ማለትም የመርሳት በሽታ፣ ከሌላው ሰው ቀድሞ ሊመጣበት ስለሚችል፣ የለመደው ሥራ ሲጠፋው ስንፍና ነው ሳይባል ሐኪም ሊያየው ይገባል።