የትምህርት ቤቱ ዛፎች መዝገብ
በባሌ ደጋ ሕፃናት ስለሚያዩትና ስለሚጽፉት
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)

በአገራችን ትምህርት ቤቶች ስለ ወቅቶች ሳይማር የሚያልፍ ሕፃን የለም። መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፣ ክረምት ደግሞ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 መሆኑን በአማርኛ የተማረው በቃሉ ያጠናል። በኦሮምኛ የተማረውም ቢራ፣ ቦና፣ አርፋሳና ገና ብሎ አራቱን ይቆጥራል። በፈተና ሲጠየቅም ሳይሳሳት ይመልሳል። ነገር ግን በሮቤ ወይም በጎባ ከተማ የሚማር ሕፃን መልሱን ሰጥቶ ሲያበቃ በመስኮት ወደ ውጭ ቢመለከት፣ ያጠናውና የሚያየው የማይስማሙበት ቀን ጥቂት አይደለም።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። በባሌ ደጋ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ገበሬውም በዚሁ ልክ ሁለት ጊዜ ያርሳል፤ ሁለት ጊዜም ያጭዳል። ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ ተዘርቶ እስከ ሐምሌ የሚዘልቀውን አዝመራ «ገና» ይለዋል፤ ከነሐሴ ገደማ ተዘርቶ እስከ ታኅሣሥ የሚደርሰውን ደግሞ «ቦና» ይለዋል። እንግዲህ በመጽሐፉ ላይ ቦና የደረቁ ወራት ስም ሲሆን፣ በአባቱ ማሳ ላይ ግን ቦና ስንዴው የሚያሸትበት ነው። ሕፃኑ ከሁለቱ ማናቸውን ይመን?

የዚህ ንግግር ሐሳብ፣ ሕፃኑ መጽሐፉንም አባቱንም ሳይክድ ሦስተኛ ምስክር እንዲጠይቅ ነው። ያ ምስክር በትምህርት ቤቱ ግቢ የቆመው ዛፍ ነው። ዛፍ መቼ እንደሚያቆጠቁጥ፣ መቼ እንደሚያብብ፣ መቼ እንደሚያፈራና መቼ ቅጠሉን እንደሚያራግፍ ማንም ያዘዘው የለም፤ የእርጥበቱን፣ የሙቀቱንና የብርሃኑን መጠን ተከትሎ ይሠራል። ስለዚህ የዛፉን ሥራ በየጊዜው እየተመለከተ የሚጽፍ ሰው፣ የአየሩን ጠባይ በሌላ ፊደል ይጽፋል ማለት ነው። ይህ ሙያ በዓለም ሳይንስ ዘንድ ፊኖሎጂ ይባላል።

ሙያው ከፍ ያለ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥትን ነው። በእንግሊዝ አገር ኖርፎክ በተባለው አውራጃ ሮበርት ማርሻም የተባለ ባለርስት እ.ኤ.አ. ከ1736 ጀምሮ የመጀመሪያው አበባ የታየበትን፣ ዛፎች ቅጠል ያወጡበትንና ወፎች የመጡበትን ቀን ይጽፍ ነበር። እርሱ ከሞተ በኋላ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ከጥቂት መቋረጥ በቀር እስከ 1958 እ.ኤ.አ. ድረስ መዝገቡን ቀጠሉበት። በጃፓን ደግሞ በኪዮቶ ከተማ የቼሪ ዛፍ ያበበበት ቀን ከ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቤተ መንግሥት ሰዎችና በመነኮሳት የዕለት ማስታወሻ ላይ ተጽፎ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2021 አበባው መጋቢት 17 ቀን ሲደርስ፣ ከ1,200 ዓመት በሚበልጠው መዝገብ ውስጥ ይህን ያህል ቀድሞ እንዳልታየ ለማወቅ የተቻለው እነዚያ ሰዎች ስለ ጻፉ ነው። ሲጽፉ ግን የምድር መሞቅ ማስረጃ እናቆያለን ብለው አላሰቡም፤ ያዩትን ብቻ ጻፉ።

አሁን ወደ ባሌ እንመለስ። ለዚህ ዓይነቱ ጥናት የባሌን ደጋ ያህል የተመቸ ስፍራ በቀላሉ አይገኝም። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ጎባ ከእርሷ 250 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ግን ከ15 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ከጎባ ወደ ደቡብ የሚወጣው መንገድ 4,000 ሜትር ወደሚደርሰው የሰነቴ አምባ ይዘልቃል፤ በዚያም 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ይታያል። ከዚያ ቁልቁል ወደ ሐረና ደን ወርዶ ቡና በጫካ ውስጥ በገዛ እጁ ወደሚበቅልበት ቆላማ አገር ይደርሳል። መቶ ሜትር ከፍ ሲባል አየሩ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል እንደሚቀዘቅዝ ይታወቃል። በዚህ ስሌት ጎባ ከሮቤ በ1.5 ዲግሪ፣ የሰነቴ አምባ ደግሞ በ9 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ሌላው ዓለም በብዙ ወጪ ቤተ ሙከራ ሠርቶ የሚፈልገውን የሙቀት ልዩነት፣ የሮቤና የጎባ ሕፃናት በታክሲ መንገድ ርቀት አግኝተውታል። በሁለቱ ከተሞች አንድ ዓይነት ዛፍ ተመርጦ ያበበበት ቀን ቢጻፍ፣ ልዩነቱ ስንት ቀን እንደሆነ ሕፃናቱ ራሳቸው ለመናገር ይችላሉ።

የትኞቹ ዛፎች ይመረጡ ቢባል፣ በግቢውና በአጥሩ ዙሪያ ያሉት በቂ ናቸው። አስቀድሞ የሚጠቀሰው ኮሶ ነው፤ በኦሮምኛ ሄጦ ይባላል። ጥንት በየሁለት ወሩ ኮሶ መጠጣት የቤት ደንብ በነበረበት ዘመን አበባው በየገበያው ይሸጥ ነበር። የዛሬ ሕፃን ግን ስሙን እንጂ ጣዕሙን አያውቅም። የኮሶ ዛፍ ወንድና ሴት አለው፤ ሴቴዋ ወደ ቀይ የሚያደላ አበባ ታንዠረግጋለች፤ ለመድኃኒት የሚፈለገውም የእርሷ ነው። ሕፃናት በግቢያቸው ያለው ወንዴ ይሁን ሴቴ ለይተው ያወቁ ዕለት፣ ከማናቸውም ሥዕል ይልቅ ስለ ዕፀዋት መራባት ይማራሉ።

ሁለተኛው ብሳና፣ በኦሮምኛ በከኒሳ ነው። ቅጠሉ ከመርገፉ በፊት ወርቃማ ቀይ ይሆናል። ሦስተኛው ኮርች፣ በኦሮምኛ ወሌንሱ ሲሆን፣ ቅጠሉን አራግፎ ባዶውን በቀረው ቅርንጫፍ ላይ ቀይ አበባ ያወጣል። ከአገራችን በቀር በሌላ የማይበቅለው የኮርች ዓይነትም በዚህ ከፍታ ይገኛል። አራተኛው አሜጃ፣ በኦሮምኛ ገረምባ ነው፤ ቢጫ አበባው ከሩቅ ይታያል። ጥድና ባሕር ዛፍም አይናቁም። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሆነ ዛፍ የማይለወጥ ይመስላል፤ ቀርቦ ለሚያየው ግን ለጋ ቅጠል የሚያወጣበት፣ የሚያብብበትና ፍሬ የሚይዝበት ጊዜ አለው። ዓመታዊ ጉዞ ለማድረግ አቅሙ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ደግሞ ወደ ሰነቴ ወጥተው ጅብራን ሊያዩ ይችላሉ። ሰው ዝም ብሎ ሲቆም «እንደ ጅብራ ተገተረ» ይባላል፤ ጅብራው ግን ሥራ ፈትቶ የቆመ አይደለም። ለብዙ ዓመታት ኃይሉን ሲያጠራቅም ይኖርና አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል።

አሠራሩ ቀላል መሆን ይገባዋል። አምስት ዛፎች ይመረጣሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ ግንዱን በማይጎዳ ገመድ ይታሰራል። በየሳምንቱ በአንድ በተወሰነ ቀን፣ ለምሳሌ ዓርብ፣ ሁለት ሕፃናት አብረው ይዞራሉ። አምስት ጥያቄዎች ብቻ ይመልሳሉ፦ ለጋ ቅጠል አለን? እንቡጥ አለን? የፈካ አበባ አለን? ፍሬ አለን? የሚረግፍ ቅጠል አለን? መልሱ «አለ»፣ «የለም» ወይም «አልታየም» ይሆናል። የዛፉ ስም በአማርኛም በኦሮምኛም ይጻፋል፤ አያት የሚያውቁት ስም ከሁለቱ የተለየ ቢሆን እርሱም ይታከላል።

ከዛፉ መዝገብ ጎን የዝናብ መዝገብ መኖር አለበት። ለዚህም ወገቡ ከላይ እስከ ታች እኩል የሆነ ጣሳና አንድ ማስመሪያ ይበቃሉ። ጣሳው ከጣሪያና ከዛፍ ርቆ፣ ነፋስ እንዳይጥለው ተደላድሎ ይቀመጣል፤ በየጠዋቱ የተጠራቀመው ውሃ ጥልቀት በሚሊ ሜትር ተለክቶ ይደፋል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የጣለ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። እንግዲህ 20 ሜትር ርዝመትና 8 ሜትር ስፋት ያለው የትምህርት ቤት ጣሪያ 160 ካሬ ሜትር ያህል መሬት ይሸፍናል፤ በአንድ ሌሊት 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,600 ሊትር፣ ማለትም ስምንት በርሜል ውሃ ይወርድበታል። ይህን ስሌት በራሱ ጣሪያ የሠራ ሕፃን ማባዛት ለምን እንደሚጠቅም ሁለተኛ አይጠይቅም።

ነገር ግን አንድ አደጋ አለ፤ ከሁሉም የሚከፋው እርሱ ነው። ሕፃን መምህሩን ማስደሰት ይወዳል። አዲስ ዓመት ሲገባ አበባ መኖር አለበት ተብሎ የተነገረው ሕፃን ያላየውን አበባ ይጽፋል። ዓርብ ዝናብ ስለ ጣለ ሳይወጣ የቀረም የባለፈውን ሳምንት መልስ ይገለብጣል። እንዲህ ያለ መዝገብ ከሌለ ይሻላል፤ ምክንያቱም የሌለ መዝገብ ማንንም አያሳስትም። ስለዚህ «አልታየም» የሚለው መልስ እንደ ስንፍና ሳይሆን እንደ ታማኝነት መቆጠር ይገባዋል። መምህሩም ትክክለኛው መልስ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ከመናገር መቆጠብ አለበት፤ ብዙ ጊዜ እርሱም አያውቀውምና። መምህርና ተማሪ አንድ ጥያቄ ይዘው እኩል የሚቆሙበት ትምህርት እምብዛም አይገኝም፤ ይህ ግን አንዱ ነው።

ሁለተኛው ችግር የጊዜ ነው። ትምህርት ቤት በሐምሌና በነሐሴ ይዘጋል። በባሌ ደግሞ እነዚህ ወራት የገናው አዝመራ አልቆ የቦናው የሚጀምርበት መሸጋገሪያ ናቸው። በዚህ ጊዜ መዝገቡ ከተቋረጠ በየዓመቱ በአንድ ቦታ ላይ ቀዳዳ ይኖረዋል። መፍትሔው ቤታቸው ለግቢው የቀረበ ሕፃናት በተራ እንዲዞሩና የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጣሳውን እንዲያነብ ማድረግ ነው። ዘበኛው ብዙ ጊዜ የአካባቢው ሰው ስለሆነ ዛፎቹን ከሁሉም በላይ ያውቃቸዋል።

ሦስተኛው ችግር የሰው መለዋወጥ ነው። ትጉህ መምህር ይመጣል፤ ክበብ ያቋቁማል፤ ሕፃናቱን ያነቃቃል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲዛወር ደብተሩ ከእርሱ ጋር ይሄዳል፤ ወይም በመደርደሪያ ላይ አቧራ ይለብሳል። የማርሻም መዝገብ የቆየው ቤተሰቡ እንደ ርስት ስለ ተቀባበለው ነው። የትምህርት ቤቱም መዝገብ እንደ ወንበሩና እንደ ጥቁር ሰሌዳው በንብረት ዝርዝር ላይ ገብቶ፣ መምህር ሲለወጥ በፊርማ መረካከብ አለበት። ድልድይ ወይም የውሃ መተላለፊያ ቱቦ ለመሥራት የተነሣ መሐንዲስ የሃያና የሠላሳ ዓመት የዝናብ ቁጥር ሲፈልግ የሚያጋጥመውን ባዶ ገጽ የዚህ ማኅበር አባላት በሚገባ ያውቁታል። ያ ባዶ ገጽ የተፈጠረው መለካት አስቸጋሪ ስለ ነበር ብቻ አይደለም፤ የተለካውን የሚያስቀምጥ ስለ ጠፋም ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል ቢባል፣ መልሱ በባሌ ተራራ ላይ ይታያል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1970 ተቋቋመ፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ከዚህ ተራራ የሚነሡ ውሃዎች የዋቢ ሸበሌንና የገናሌን ወንዞች እየመገቡ እስከ ሶማሊያ ይወርዳሉ። ሆኖም ደኑ በእርሻና በግጦሽ እየተገፋ ነው፤ የኮሶ ችግኝ ከብት እየበላው ሽማግሌው ዛፍ ያለ ተተኪ የሚቀርበት ቦታ አለ። በ1992 ዓ.ም. በጋ በባሌና በቦረና ደኖች ላይ የተነሣው ታላቅ ቃጠሎም አይዘነጋም። አስታ የተባለው ቁጥቋጦ፣ በኦሮምኛ ሳቶ፣ ከተቃጠለ በኋላ ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ደጋግሞ ለሚቃጠል ግን ለማደግ ፋታ አያገኝም። የዝናቡ መምጫ ቀን እየተዛባ ነው የሚለውን ቃል ገበሬው ሁሉ ይናገረዋል። ስንት ቀን ተዛባ? ከመቼ ጀምሮ? ለሚለው ግን ዛፉን እያየ የጻፈ ከሌለ በየመንደሩ መልስ የሚሰጥ አይኖርም።

ሕፃናት በዚህ መዝገብ ደኑን ያድናሉ ማለት አይደለም። የአዋቂዎችን ግዴታ በሕፃናት ትከሻ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። የሚባለው ይህ ብቻ ነው፦ ሰው ስሙን የሚያውቀውንና በየሳምንቱ የጎበኘውን ዛፍ በቀላሉ አይቆርጥም፤ ሲቆረጥም ዝም ብሎ አያይም።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፣ በአገራችን በትምህርት ቤቶች የተፈጥሮ ክበብ ማቋቋም አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በዚህ ረገድ ብዙ ደክሟል። በሮቤ የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ፣ በአቅራቢያውም የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል ስላሉ፣ የሕፃናቱን ቁጥር ተቀብሎ የሚመረምር ባለሙያ ሩቅ አይደለም። ከዚህ ማኅበር የሚጠበቀው ጥቂት ነው፦ አባላት በሚሠሩበት ወረዳ አንድ ትምህርት ቤት መርጠው ጣሳውን ማስተካከል፣ ሠንጠረዡን ማስመር፣ በዓመት አንድ ጊዜም ሄደው መዝገቡን ከሕፃናቱ ጋር ማንበብ። ማንበቡ ከሁሉም ይበልጣል፤ የጻፈው እንደሚነበብ ያወቀ ሕፃን ያላየውን አይጽፍምና።

ከሃያ ዓመት በኋላ በጎባ መንገድ የሚሠራ ወይም በሮቤ ስንዴ የሚዘራ ሰው ዛሬ አምስተኛ ክፍል ተቀምጧል። ያን ጊዜ የበልጉ ዝናብ መቼ ይጀምር ነበር ብሎ ሲጠይቅ፣ የገዛ እጁ ጽሕፈት ያለበትን ደብተር እንዲያገኝ ማድረግ ይቻላል። ለዚህም የሚያስፈልገው አምስት ዛፍ፣ አንድ ጣሳና የማይጠፋ ደብተር ነው።