ባሕር የሌላቸው ደሴቶች
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንነግራችሁ ያሰብነው ስለ ትንንሽ አይሮፕላኖች ጥቅም ነው። እኛ የጌጃ ሰፈር ልጆች ይህን ብናነሣ አይድነቃችሁ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራውን የጀመረው እዚሁ በልደታ ሜዳ ነውና።

በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ማልዲቭ የምትባል አገር አለች፤ ደሴቶቿም ወደ 1,200 ይጠጋሉ። ለእያንዳንዱ ደሴት ማኮብኮቢያ መሥራት ስለማይቻል፥ በጎማ ፈንታ እንደ ታንኳ የሚንሳፈፍ እግር ያላቸው አይሮፕላኖች ከባሕሩ ተነሥተው በባሕሩ ላይ ያርፋሉ። ከነዚህም ዋነኛው ሃያ ሰው እንኳ የማይሞላበት፥ በካናዳ የተሠራው ትዊን ኦተር ነው።

«ይህ ለእኛ ምናችን ነው? ባሕር የለንም» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ደሴትን ደሴት የሚያሰኘው ውሃው ብቻ ሳይሆን መሻገሪያ ማጣቱ ነው። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ፥ መንገዱም ጭቃ ሲሆን፥ በአገራችን ስንቱ ከተማ ደሴት ሆኖ ይከርም ነበር!

አየር መንገዱ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ፥ ሀብቱ ከጦርነት የተረፉ አምስት ሲ-47 አይሮፕላኖች ነበሩ። ይህ ዓይነቱ አይሮፕላን እንደ ጅማና እንደ ጎሬ ወዳሉ ከተሞች እየበረረ በሣርና በአፈር ሜዳ ላይ ያርፍ ነበር። ተሳፋሪው ግራና ቀኝ በአግዳሚ ወንበር ይቀመጣል፤ ጭነቱ ከመካከል ይታሰራል። ፖስታና ሸቀጥ ይሄዳል፤ ቡናና ቆዳ ይመጣል። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ ጄት ሲመጣ የልደታ ሜዳ አልበቃውም፤ ተራው የቦሌ ሆነ። ከ1970ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ያው ትዊን ኦተር፥ በጎማ ሆኖ፥ የአገራችንን ትንንሽ ሜዳዎች አገለገለ።

ዛሬ በአገር ውስጥ የሚበሩት ኪው-400 አይሮፕላኖች ከሰባ ሰው በላይ ይይዛሉ፤ ይፈጥናሉም። ነገር ግን ረጅምና ደኅና ማኮብኮቢያ ይሻሉ። መኪና መንገድ በደረሰባቸው በብዙ ትንንሽ ሜዳዎችም መደበኛው በረራ ቀርቷል። መንገድ መሠራቱ ያስደስታል፤ ቢሆንም መንገድ በጎርፍ ይቈረጣል፤ ምጥ የያዛት እናት ደግሞ ጎርፉ እስኪጎድል አትቈይም።

«ትንሽ በረራ አያተርፍም» የሚሉ አሉ። በቲኬት ብቻ ከተቈጠረ እውነት ነው። ድልድይስ መቼ ቲኬት ሸጦ ያውቃል? ድልድይን የምንሠራው ሰውን ከሰው እንዲያገናኝ ነው፤ ትንሹም አይሮፕላን የአየር ድልድይ ነው። ከሩቅ አገር በረራ ከሚገኘው ትርፍ ጥቂቱ ለዚህ ቢውል ከሰረ አይባልም።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፥ ነገ ከመካከላችን መሐንዲስ፥ አብራሪ ወይም ሐኪም የሚሆን ሁሉ፥ «ስንት ባሕር ተሻገርን?» ብቻ ሳይሆን «ማን ዘንድ ሳንደርስ ቀረን?» ብሎም ይጠይቅ።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።