የጎርፉን ወጪ ማን ይከፍላል?



ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለች ከተማ ናት። አልሚው ቦታ፣ መንግሥት የሊዝ ገቢ፣ እኛም ቤት እንፈልጋለን። ዳገቱ ሲራቆት ግን ጎርፉ የሚወርደው ከታች ወዳለው መንደር ነው። ይህ ወጪ በአልሚው ሂሳብ መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ በፈረሰ አጥርና በረጠበ እህል የምንከፍለው እኛ ነን።

«ወይ ቤት፣ ወይ ዛፍ» አንልም። በሁምቦ ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው፣ በ2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ላይ የቀረው ጉቶ ዳግም እንዲያቆጠቁጥ አድርገዋል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል።

እንግዲህ ለቤት የቆጠብነውን ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት አብረን እንጠይቅ፦ ጥናቱ ተሠርቷል? የጎርፍ መውረጃው በየት በኩል ነው? ወጪውስ በማን መዝገብ ላይ ተጽፏል?